ብራንት፣ ሬድ ጃኬት ወይስ ኮርንፕላንተር? የኢሮኳ መሪዎችን የቁም ሥዕል ህትመት ለሚገዛ ሰው

ኦንላይን ገበያ ገብታችሁ «ጆሴፍ ብራንት» ብላችሁ ፈልጉ። የማይመሳሰሉ ብዙ ሰዎች ይመጡላችኋል። አንዱ ወጣት ነው፣ ላባ ሰክቶ መጥረቢያ ይዟል። አንዱ ዓይኑ ያዘነ ይመስላል። ሌላው ሸምገል ብሎ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ሁሉም ያው አንድ ሰው ናቸው፣ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሞሃውክ መሪ፤ የተለያዩት ሠዓሊዎቹና ዓመቶቹ ናቸው። ሻጮቹ ግን ለሁሉም የሚሰጡት ስም ተመሳሳይ ነው፦ «የኢሮኳ አለቃ፣ ታሪካዊ ህትመት፣ በካርቶን የተዘጋጀ»። ዋጋው ደግሞ ከምሳ ሂሳብ ተነስቶ ሺዎች ዶላር ውስጥ ይገባል።

አብዛኛው ሰው ምርጫውን ከፍሬሙ ይጀምራል። ፍሬሙ ያምራል፣ ከሶፋው ጋር ይሄዳል፣ በቃ ተገዛ። የኔ ምክር የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን ምረጡ፣ ቀጥሎ የህትመቱን ዓይነት፣ ከዚያ ወረቀቱ ካርቶኑ ላይ በምን እንደተያዘ እዩ። ፍሬም መጨረሻ ይምጣ። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ደግሞ ለወረቀቱ ዕድሜ አትክፈሉ፤ በደንብ የተያዘ አዲስ ቅጂ በማስቲሽ ከተበላሸ አሮጌ ህትመት መቶ ጊዜ ይሻላል።

ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግድግዳችሁ ላይ ማን ይውጣ?

ኢሮኳ የአንድ ጎሳ ስም አይደለም። ሞሃውክ፣ ኦናይዳ፣ ኦኖንዳጋ፣ ካዩጋና ሴኔካ ተባብረው የመሠረቱት ኅብረት ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተስካሮራ ስድስተኛ ሆኖ ገባ። አገራቸው በዋናነት የዛሬው የኒው ዮርክ ግዛት ነበር። ራሳቸውን ሆዴኖሾኒ ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ስትፈልጉ ሁለቱንም ስም ሞክሩ፤ ሙዚየሞች አሁን አሁን ሁለተኛውን ነው የሚጽፉት።

ከሁሉም በብዛት የተሣለው ብራንት ነው። በራሱ ቋንቋ ታየንዳኔጌያ ይባላል፤ 1743 ተወልዶ 1807 ሞተ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከእንግሊዝ ጎን ተሰለፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሕዝቡን ይዞ ኦንታሪዮ፣ ግራንድ ወንዝ ዳር ሰፈረ። ብራንትፎርድ የምትባለው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። ቶሮንቶ ያላችሁ ሐበሾች እዚያው በራፋችሁ ላይ ናት፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የብራንት ሥዕሎች ውስጥ አራቱን ለይታችሁ ብታውቁ ይበቃል። የመጀመሪያው ጆርጅ ሮምኒ በ1776 ለንደን ላይ የሣለው ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ላባ፣ አንገቱ ላይ የብር ጌጥ፣ እጁ ላይ መጥረቢያ። ኩሩ ሥዕል ነው፣ ትንሽም ቲያትር አለበት። ዋናው ኦታዋ በካናዳ ብሔራዊ ጋለሪ ይገኛል። ጆን ራፋኤል ስሚዝ ደግሞ በ1779 በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ አሳተመው፤ ገበያ ላይ በጥቁርና ነጭ የምታዩት እሱ ነው።

ሁለተኛው ጊልበርት ስቱዋርት በ1786 የሣለው ነው። ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ሥዕሉ ከደረት በላይ ብቻ ነው፣ ፊቱ ቅርብ ነው፣ ድካሙም በግልጽ ይታያል። ድካሙ ምክንያት አለው። በ1783 እንግሊዝና አሜሪካ ሲታረቁ ውላቸው ውስጥ ከእንግሊዝ ጎን ስለተዋጉት ኢሮኳዎች አንድም ቃል አልተጻፈም። ብራንት ተመልሶ ለንደን የሄደው ሕዝቡ ላጣው ካሳ ሊጠይቅ ነበር፣ ስቱዋርትም ያገኘው ያኔ ነው። ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው የንጉሡ ምስል ያለበት ጌጥ ይህን ካወቃችሁ በኋላ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚታያችሁ።

ሦስተኛው ቻርልስ ዊልሰን ፒል በ1797 ፊላደልፊያ የሣለው ነው። ጸጥ ያለ፣ ቤተሰባዊ የሆነ ፊት። አራተኛው በ1807 ገደማ የተሣለው የዊሊያም በርዚ ሥዕል ነው፤ ብራንት ሙሉ ቁመናው ታይቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ውሻው አጠገቡ፣ ከኋላው ወንዙ አለ።

እዚህ ላይ ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ሙሉ ቁመና ያለው ሥዕል ትንሽ ወረቀት ላይ አይሆንም። የበርዚን ሥዕል 8 በ10 ኢንች አድርጋችሁ ብታሳትሙት የብራንት ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ጎልቶ የሚታያችሁ ልብሱና ዙሪያው ነው። ለትንሽ ግድግዳ ስቱዋርትን ወይም ፒልን ውሰዱ። በርዚንና ሮምኒን ቢያንስ 16 በ20 ኢንች የሚሆን ቦታ ካላችሁ ብቻ።

ከብራንት ወጣ ስንል ሬድ ጃኬት አለ፣ ሳጎየዋታ። ሴኔካ ነው፣ ስሙን ያስጠራው ጦር ሳይሆን አንደበቱ ነው። ቻርልስ በርድ ኪንግ በ1828 ሲሥለው ደረቱ ላይ ትልቅ የብር ሜዳልያ አድርጎ ነበር። ሜዳልያውን በ1792 የሰጠው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ይሄው ሜዳልያ ረጅም ዘመን ቡፋሎ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ከቆየ በኋላ በ2021 ለሴኔካ ሕዝብ ተመልሷል። ሥዕል ከታሪኩ ጋር መስቀል ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ እንግዳ ሲጠይቃችሁ የምታወሩት አታጡም።

ኮርንፕላንተርም ሴኔካ ነው፣ የጦር መሪ። ባርቶሊ የተባለ ሠዓሊ በ1796 የሣለው ሥዕል በቀለም ረገድ ከሁሉም ይበልጣል፦ ቀይ ካባ፣ የላባ ጌጥ፣ ብር፣ ፒፓም መጥረቢያም የሆነ መሣሪያ። ለባዶ ነጭ ግድግዳ ይሄ ነው።

በ1710 ለንደን ሄደው ንግሥት አንን ያገኙት አራቱ ሰዎችም አሉ። ጆን ቬረልስት ሣላቸው፣ ጆን ሳይመን በመዳብ አሳተማቸው። የለንደን ሰው «አራቱ ነገሥታት» ብሎ ሰየማቸው፣ እንዲያውም አንዱን ንጉሠ ነገሥት አድርጎታል። ንጉሠ ነገሥት እኛ እናውቃለን፣ እነሱ ግን ኖሯቸው አያውቅም፤ የኅብረቱ ጉዳይ የሚወሰነው በሸንጎ ነው፣ አለቆቹን የሚመርጡትና የሚሽሩትም የጎሳ እናቶች ናቸው። በዚያ ላይ ከአራቱ አንዱ ሞሂካን ነው፣ ኢሮኳ አይደለም። አራቱን አንድ ላይ ካልገዛችሁ በቀር ብዙም አልመክርም፤ ሙሉ ቁመና ስለሆኑም ቦታ ይፈልጋሉ።

ፎቶግራፍ ከመረጣችሁ ደግሞ ኢላይ ፓርከር አለላችሁ። ሴኔካ ነው፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር አዛዥ የጄኔራል ግራንት ረዳት ነበር፤ በ1865 ደቡቦቹ አፖማቶክስ በተባለ ቦታ እጅ ሲሰጡ የስምምነቱን ጽሑፍ በእጁ የገለበጠው እሱ ነው። የሬድ ጃኬት ሜዳልያም በአንድ ወቅት የእሱ ነበር። በወታደር ልብሱ የተነሳው ፎቶ በጣም ጥርት ያለ ነው፣ ለማሳተምም ርካሽ ነው።

አሮጌ፣ ቅጂ ወይስ ራሳችሁ የምታሳትሙት?

«ታሪካዊ ህትመት» ሲባል ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው በዚያው ዘመን የታተመ ነው። ሁለተኛው በቅርብ ጊዜ ተባዝቶ የሚሸጥ ቅጂ ነው። ሦስተኛው እናንተው ፋይሉን አውርዳችሁ ማተሚያ ቤት የምትወስዱት ነው።

ከአሮጌዎቹ በብዛት የምታገኙት የማኬኒና የሆልን ነው። ቶማስ ማኬኒና ጄምስ ሆል ከ1836 እስከ 1844 በሦስት ትልልቅ ጥራዞች 120 የቁም ሥዕሎች አሳተሙ። ሥዕሎቹ ሊቶግራፍ ናቸው፣ ማለትም ከድንጋይ ላይ የታተሙ፣ ከዚያ አንድ በአንድ በእጅ ቀለም የተቀቡ። ሬድ ጃኬትም ኮርንፕላንተርም ብራንትም እዚያ ውስጥ አሉ። መሠረት የሆኗቸው አብዛኞቹ የዘይት ሥዕሎች በ1865 ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየም ተቋም ሕንጻ ሲቃጠል አብረው ጠፉ፤ ለብዙዎቹ ፊቶች የቀረልን ህትመቱ ነው።

ልብ በሉ፣ የማኬኒና የሆል ሥራ በሁለት መጠን ነው የወጣው። የመጀመሪያው ትልቁ ነው፣ ወረቀቱ 51 በ36 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ኋላ ላይ በ1840ዎቹ መጨረሻ የወጣው ትንሹ ደግሞ 26 በ18 አካባቢ ነው። ሥዕሉ ያው ነው፣ ሁለቱም ኦሪጅናል ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ሻጭ ልኬት ሳይጽፍ የፍሬሙን መጠን ብቻ ከነገራችሁ ጠርጥሩ። ትንሹን ወረቀት ትልቅ ካርቶን ውስጥ ከትቶ ግዙፍ ማስመሰል ቀላል ነው። የምትጠይቁት የወረቀቱን ልኬት ነው።

አሮጌ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ግዙ፣ ውድ አይደለም። ጉንጩ ላይ አስጠግታችሁ እዩ። ነጠብጣቦቹ እኩል ርቀት ጠብቀው በረድፍ ከተደረደሩ፣ ወይም ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ነጥቦች ክብ ሠርተው ከታዩ፣ የዘመኑ ማተሚያ ውጤት ነው። የእውነተኛው ሊቶግራፍ ነጠብጣብ እንደ እንጀራ ዓይን ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ ሥርዓት የለውም። በእጅ የተቀባው ቀለምም እዚህም እዚያም ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ጠርዙ ላይም ጠቆር ብሎ ይደርቃል። በመዳብ የታተመው ሜዞቲንት ሌላ ነው፤ ጥቁሩ ቬልቬት ይመስላል፣ ምስሉን ዙሪያውን ብትዳስሱ ሰሌዳው ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ዝቅ ያለ መስመር አለ። ሊቶግራፍ ላይ ያንን መስመር አትፈልጉት፣ አይኖርም።

አዲስ ቅጂ ለመግዛት አታፍሩ። ሙዚየሞች የሚያሳትሟቸው ቅጂዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ናቸው፣ ቀለማቸው ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ነው የሚወጣው። ሱቆች ከየትም ለቅመው የሚያትሙት ግን አያስተማምንም፤ ቡናማው ቀይ ሆኖ፣ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ይመጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሥዕሉ ያለበትን ሙዚየም ድረ ገጽ ከፍታችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ።

ራስን ማሳተም ለብዙዎቻችን ጥሩው መንገድ ይመስለኛል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የማኬኒና የሆልን ህትመቶች በትልቅ ፋይል በነጻ ያስወርዳል። ስሚዝሶኒያንም ከ2020 ጀምሮ ብዙ ምስሎችን ለማንኛውም አገልግሎት ክፍት አድርጓል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለአንድ ኢንች 300 ፒክስል። 8 በ10 ኢንች ለማተም 2400 በ3000 ፒክስል፣ 16 በ20 ለማተም 4800 በ6000 ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ያነሰ ፋይል ይዛችሁ ሄዳችሁ ትልቅ ብታሳትሙ ፊቱ ይደበዝዛል፣ ማንም አያድነውም። ወረቀቱ የጥጥ ይሁን፣ የማያብረቀርቅ። የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት ላይ የወጣ የ1830ዎቹ ሊቶግራፍ የሠርግ ፎቶ ነው የሚመስለው።

ካርቶኑ ላይ እንዴት ተያዘ?

ሰው የማያየውም፣ ዕቃው የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። «በካርቶን የተዘጋጀ» የሚለው አንድ ሐረግ ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል።

ጥሩው እንዲህ ነው። ሁለት ካርቶን አለ። ከፊት ያለው መሃሉ እንደ መስኮት ተቆርጦ ምስሉ በዚያ ይታያል። ህትመቱ የተያዘው ከኋላኛው ካርቶን ጋር ነው፣ ያውም ከላይ በኩል በሁለት ትንንሽ የጃፓን ወረቀት ቁራጮች ብቻ። ማጣበቂያው የስንዴ ስታርች ነው፤ ነገ ማውጣት ብትፈልጉ ባለሙያ በትንሽ እርጥበት ያላቅቀዋል። ወረቀቱ ከታች ነጻ ስለሆነ አየሩ ሲረጥብና ሲደርቅ እንደልቡ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። የፊተኛው ካርቶን ደግሞ ለማሳመር ብቻ አይደለም የተቀመጠው። ህትመቱን ከመስታወቱ ያርቀዋል። መስታወት ላይ የተደገፈ ወረቀት እርጥበት ሲያገኘው ይጣበቃል፣ ስታነሱት ቀለሙን ትቶ ነው የሚነሳው።

ሁለተኛው በሙቀት የሚቀልጥ ማጣበቂያ ተደርጎ ሙሉ በሙሉ ፎም ቦርድ (መሃሉ ፎም የሆነ ቀላል ሰሌዳ) ላይ የተለጠፈ ነው። ቀጥ ይላል፣ አይጨማደድም፣ ለዓይን ያምራል። ለ20 ዶላር ቅጂ ምንም ችግር የለውም፣ እኔም በዚህ አልጨነቅም። አሮጌ ህትመት ግን እንዲህ ከተለጠፈ ዋጋው ያኔውኑ ወርዷል፣ መመለሻም የለውም ማለት ይቻላል። «ኦሪጅናል ነው፣ በፎም ላይ ተለጥፏል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ወይ ኦሪጅናል አይደለም፣ ወይ ተበላሽቷል።

ሦስተኛው ሸራ ላይ ታትሞ እንጨት ላይ የተወጠረው ነው። የሮምኒ ወይም የስቱዋርት ሥዕል መነሻው ዘይት ቀለም ስለሆነ ሸራ ላይ ቢወጣ ብዙም አይከፋም። ሊቶግራፍና ሜዞቲንት ግን የወረቀት ልጆች ናቸው። ሸራ ላይ ስታወጧቸው የሸራው ሽመና ያንን ረቂቅ መስመር ሁሉ ይውጠዋል።

በስኮች የተያዘ ህትመት ካጋጠማችሁ ደግሞ ራሳችሁ አትንኩት። ስኮች ሲያረጅ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርግና ቢጫ ምልክት ይተዋል። አሮጌ ህትመት ላይ ከሆነ ለወረቀት ጠጋኝ ባለሙያ ስጡት፤ በጥፍር መላጥ ወረቀቱን ነው የሚልጠው።

አሁን የካርቶኑን ጥራት የምታዩበት ቀላል መንገድ። መስኮቱ ሲቆረጥ ጠርዙ ሰያፍ ስለሚሆን የካርቶኑ ውስጥ ዙሪያውን እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። ያንን መስመር እዩት። ነጭ ከሆነ ደህና። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ካርቶኑ አሲድ ያለበት የእንጨት ካርቶን ነው፣ እሱን ተከትሎ ህትመቱም ላይ ልክ በመስኮቱ ዳር ቡናማ መስመር ይወጣል። የተቃጠለ ይመስላል። ባለሙያ ሊያቀልለው ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ግን ይችላል። አዲስ ካርቶን መጥፎም ቢሆን መጀመሪያ ነጭ ስለሆነ በዓይን ብቻ አትመኑ፤ ከጥጥ የተሠራና አሲድ የሌለው መሆኑን ጠይቁ።

ሌላው ተንኮል የመስኮቱ ስፋት ነው። በመዳብ የታተሙት ላይ ከምስሉ ግርጌ በግራ የሠዓሊው፣ በቀኝ የቀራጩ ስም ይጻፋል፣ ከሥሩ የሰውየው ስም፣ አሳታሚውና ቀኑ ይከተላል። የህትመቱ መታወቂያ እሱ ነው። መስኮቱ ጠብቦ ያንን ጽሑፍ ከሸፈነው «ካርቶኑን ገልጣችሁ ፎቶ አንሱልኝ» በሉ። አንዳንዴ ስታስገልጡት ጽሑፉ ተቆርጦ ቀርቷል፣ ከዙሪያው ያለው ነጭ ወረቀትም የለም። እንዲህ ያለው በጣም ርካሽ መሆን አለበት።

ስለ መስታወትና ቦታ ብዙ አልልም። አሮጌ ከገዛችሁ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወት አስገጥሙ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ፣ የወጥ ቤት እንፋሎትም አያግኘው። ሙዚየሞች ለእንዲህ ዓይነት ወረቀት የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ማለት ነው። ለአዲስ ቅጂ ይሄ ሁሉ አያስጨንቃችሁ፤ ከደበዘዘ ሌላ ታሳትማላችሁ።

እኔ ብሆን

ከ50 ዶላር በታች ካለኝ የስቱዋርትን ብራንት ወይም የፓርከርን ፎቶ 8 በ10 አሳትሜ 11 በ14 ካርቶን ውስጥ እከተዋለሁ። ይሄ መጠን በየሱቁ ዝግጁ ፍሬም ስላለው ለፍሬም ሠሪ አልከፍልም። አውሮፓ ያላችሁ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ፈልጉ።

መቶዎች ካሉኝ የማኬኒና የሆልን ትንሹን ሬድ ጃኬት እገዛለሁ። በእጅ የተቀባ፣ ከ170 ዓመት በላይ የቆየ ወረቀት በዚህ ዋጋ ማግኘት ጥሩ ነው፣ ትንሽም ስለሆነ ለአፓርታማ ይመቻል። ያለ ፍሬም የሚሸጠውን ነው የምመርጠው፣ የቀረውን ገንዘብ ለካርቶኑ አውለዋለሁ።

ሺዎች አውጥቶ ትልቁን ሊቶግራፍ ወይም የስሚዝን ሜዞቲንት የሚገዛ ሰው ከታወቀ የህትመት ነጋዴ ይግዛ፣ ደረሰኙ ላይ ዓመቱና እትሙ ይጻፍለት፣ የመመለስ መብቱም እንዲሁ። ለስጦታ ከሆነ ኮርንፕላንተርን ውሰዱ፣ ታሪኩን የማያውቅም ሰው በቀለሙ ይደሰታል።

በፖስታ ከሆነ የምታስመጡት ሻጩን መስታወቱን አውጥቶ እንዲልክ ጠይቁት። መንገድ ላይ የተሰበረ መስታወት ህትመቱን ይቆርጠዋል፣ ኢንሹራንሱ የሚመልሰው ደግሞ ገንዘቡን ብቻ ነው። ካርቶን ውስጥ የገባ ህትመት ጠፍጣፋ ሆኖ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል ይላክ፤ ያለ ካርቶን የሚመጣ አዲስ ቅጂ ተጠቅልሎ በቱቦ ቢመጣ ችግር የለውም፣ ስትከፍቱት ለአንድ ሁለት ቀን ንጹሕ ወረቀት ደርባችሁ መጽሐፍ ጫኑበት።